የኢኮኖሚክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ትመለሳላችሁ ወይ?»

አንዳንድ መምህራን ባልደረቦቼ «እናንተ ክበብ ውስጥ ደግሞ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዘን ነው የከረምነው፦ ድሃ ለምን አይቆጥብም ይባላል?

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም፤ ቃለ ጉባኤው አለ። መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የተሠሩ ሁለት ሙከራዎችን አነበብን። በምዕራብ ኬንያ ገበሬው ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ የሚገዛበት ጊዜ ሲደርስ ግን ገንዘቡ አልቋል። ኢኮኖሚስቶቹ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን ታዲያ ምርቱ እንደተሰበሰበ፣ እጁ ላይ ገንዘብ ሳለ ሄዱለት። ያኔ ከከፈለ ማዳበሪያው ያለ ማጓጓዣ ክፍያ ቤቱ ይደርስለታል። ተጠቃሚው ጨመረ። ሁለተኛው በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው የፓስካሊን ዱፓና የሮቢንሰን ጥናት ነው። ገንዘብ የሚቀመጥበት አስተማማኝ ቦታ መስጠት ብቻውን ለጤና የሚቆጠበውን በ66 በመቶ አሳደገው። በቡድን መቆጠብም ትልቅ ለውጥ አመጣ። የክበቡ ልጆች ይሄን ሲሰሙ «እቁብ ነዋ!» አሉ።

ኅዳር ላይ እዚሁ ጅማ ዞን ማና ወረዳ ወረድን። የቡና ለቀማው ደርሷል፤ ጀንፈሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። የሰውን ትዕግሥት ለመለካት የያዝነው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ዛሬ 50 ብር ይሻላል ወይስ ከወር በኋላ 80 ብር? ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለአንዲት እናት በአፋን ኦሮሞ አቀረበችላቸው። እናቲቱ ቡናውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ትመለሳላችሁ ወይ?» አሏት።

ልጅቷ ዝም አለች። ወረቀቷ ላይ ለዚህ መልስ ቦታ አልነበረውም። ጠርዙ ላይ ጻፈችው። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ቲቸር፣ ዛሬን የመረጡት ሁሉ እኮ ትዕግሥት አጥተው ላይሆን ይችላል። እኛን አላመኑንም» አለችኝ። ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ርዕስ ያን ቀን እንደ አዲስ አየሁት።

እናቲቱ 80ውን መርጠው ነበር። ወሩ ሲሞላ መኪና አላገኘንም። ልጅቷና ሁለት ጓደኞቿ ከእኔ ጋር በሚኒባስ ሄዱ፤ ትራንስፖርቱም ብሩም ከኪሳችን ነው። እናቲቱ ብሩን አልቆጠሩትም። ልጅቷን አገላብጠው ሳሟት፤ ቡና አፈሉልን። እንባዬ መጣ።

እዚሁ ትምህርት ቤታችን ግቢ የጀመርነው ሙከራ ግን አልሰመረም። ለግማሹ ልጅ ቁልፍ ያለው የቁጠባ ሣጥን ሰጥተን ከሌላው ግማሽ ጋር ልናነጻጽር ነበር። ሣጥኑ አነሰ፣ ፈተና ደረሰ፣ ቆጠራው ተቋረጠ። ስለዚህ ውጤት አገኘን አልልም።

ለሌሎች ክበባት ኳስና ማልያ ሲገዛ ደስ ይለኛል። ለእኛ ዓመቱን ሙሉ የደረሰን አንድ እሽግ ወረቀት ነው። ለ2018 የምንፈልገው 40 ሣጥን ከነቁልፉና የሁለት ጉዞ የመኪና ወጪ ነው። ጅማ የበርጩማ አገር ናት፤ ከወላጆቻችን መሃል አናጺ አይጠፋም። ቁርጥራጭ ጣውላ ቢሰጡንም ይበቃናል። ጉዞው ግን ይታሰብበት። እናቲቱን ኅዳር ላይ እንመጣለን ብለናቸዋል።