የመንዝ ነባር ግቢዎች ከነጓሳ ክዳናቸው ይመዝገቡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ጥር ለዘመድ ተዝካር መንዝ በሄድኩበት ጊዜ፣ ሦስት ትውልድ የኖረበትን የአያቴን ግቢ አይቼ የተመለስኩት በከባድ ሐዘን ነው። የዙሪያው ካብ፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባው ክቡ ቤት፣ ማድ ቤቱና በረቱ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው፤ የወደቀው የትልቁ ቤት ጣራ ነው። ገብቼ ሳይ ዝናቡ መደቡን አጥቦታል፤ አያቴ ገብስ ይከቱበት የነበረው ጎታም ተመልሶ አፈር ሆኗል።

ጓሳ በተባለው የደጋ ሣር የተሠራ ክዳን ዕድሜ የሚያገኘው ከምድጃው ጭስ ጭምር ነው፤ ጭሱ ሣሩን ያደርቃል፣ ነፍሳትንም ያርቃል። ሰው ለቆት እሳት የማይነድበት ቤት ግን ክዳኑ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ውኃው ከግድግዳው ራስ ገብቶ ጭቃውን ሲያጥበው ድንጋዩ አንድ በአንድ መልቀቅ ይጀምራል።

ቆርቆሮ በሚያለብሱት ወገኖቼ ላይ አልፈርድም፤ ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው ክደነኝ አይልም። ሆኖም በመንዝ ውርጭ ሌሊት የጓሳ ቤት ሙቀት ምን እንደሆነ ያደረበት ያውቀዋል። ደግሞም ጓሳውን መልሶ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘውን የጓሳ ሜዳ የአካባቢው ሕዝብ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ለ400 ዓመታት ያህል ጠብቆት ኖሯል፤ ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ የአቅኚዎቹ አባቶች የአስቦና የገራ ተወላጆች በአንድነት ያጭዱት ነበር። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ሜዳውን መልሶ በማኅበረሰብ ጥብቅነት ስለያዘው ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም፣ ሣሩም እስከ ዛሬ አሉ።

ስለዚህ ጓሳው እያለ ጓሳ የሚከደነው ቤት የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶችን ይመለከታል፤ በተግባር ግን ቅርስ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት እንጂ የገበሬ ግቢ አይደለም። የኮንሶ መልክዓ ምድር ከነባር መንደሮቹ ጋር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ የገበሬ ቤትም ለዚህ ክብር እንደሚበቃ አሳይቷል።

የወረዳዎቹ የባህል ጽሕፈት ቤቶች ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጋር ነባር ግቢዎችን እንዲመዘግቡ፣ የጓሳ ሜዳውን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰብም በአጨዳ ወቅት ለነዚህ ቤቶች የሚሆን ድርሻ እንዲለይ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእኛ ቤተሰብ ግቢው እንዲመዘገብ ተስማምቷል፤ ለክዳኑም የድርሻችንን እናዋጣለን። በመንደራችን የጓሳ ክዳን የሚያውቁ ሁለት አዛውንት ብቻ ቀርተዋል፤ ወጣቶቹ ከእነሱ እጅ እንዲማሩ ሥራው ከመጪው ክረምት በፊት መጀመር አለበት።

የመንዝ ተወላጅ፣ ከአዲስ አበባ