ከማምረቻው እስከ አልጋው ያለው ቧንቧ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሆስፒታል የኦክስጅን ማምረቻ ተከለ ሲባል ደስ ይለናል፤ የሚያሳስበን ግን ከማሽኑ እስከ ታካሚው አልጋ ያለው መስመር ነው። ማምረቻው በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን በዚዮላይት (ናይትሮጅንን በሚይዝ ማዕድን) ለይቶ 93 በመቶ ገደማ ንጽሕና ያለው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ቧንቧውም በ4 ባር ግፊት ያደርሰዋል። የመዳብ ቧንቧ ሲበየድ በውስጡ ናይትሮጅን ካላለፈ ግን ጥቁር የኦክሳይድ ቅርፊት ይሠራል፤ እሱም እየተላጠ ቫልቭና የቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ማጣሪያ ይደፍናል።

መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተር ካልተነሣ መስመሩን የሚይዘው ተጠባባቂው የሲሊንደር ረድፍ ነው። 6,800 ሊትር ጋዝ ያለው ትልቅ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 11 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ለአሥር ታካሚዎች አንድ ሰዓት ብቻ። መጠባበቂያው በሲሊንደር ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ይሰላ! የግፊት ማስጠንቀቂያ ደወሉም ሌሊት ነርሶች ባሉበት ክፍል ይተከል።

የሕክምና ጋዝ መስመር ባለሙያዎች