ጋሪው ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ?

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አዎ፣ ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ስልክሽን አየው አየውና ነገ እላለሁ፣ ነገም ያልፋል፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር ይሆናል ነገሩ። በቃ እዚህ ላይ እንተወው፣ ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ።

የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። ገንዘብ አይደለም፣ አትደንግጪ። ሠዓሊ ነው የቸገረኝ።

ሰሞኑን አንድ ሙዚቃ ሥራ አስፈትቶኛል። ክላሲካል ነው። ሳቂ! ስቱዲዮሽ ውስጥ ስትከፍቺው “ይሄን የለቅሶ ቤት ሙዚቃ ዝጊልን” ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። የሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ የሙሶርግስኪ ነው፣ ያ “ሥዕሎች በኤግዚቢሽን” የሚባለው የፒያኖ ሥራ። አንቺ መቼም ድሮ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ገና አሁን ስለደረስኩበት ታገሺኝ።

ቪክቶር ሃርትማን የሚባል አርክቴክትና ሠዓሊ ወዳጅ ነበረው። በፈረንጆቹ 1873 ገና በ39 ዓመቱ ድንገት ሞተበት። በዓመቱ ፒተርስበርግ ላይ የሟቹ ሥራዎች ለእይታ ቀረቡ። ሙሶርግስኪ ያንን አይቶ ነው በ3 ሳምንት ገደማ ይህን የጻፈው። 10 ሥዕል ነው፤ በመሃል በመሃል ደግሞ ተመልካቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚራመድበት ዜማ አለ። ምቱ አምስት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ስድስት እያለ ይሄዳል። የሚራመደው ራሱ ሙሶርግስኪ ነው፤ ቀጭን ሰው ደግሞ አልነበረም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሃርትማን ከመሞቱ በፊት ሁለቱ አብረው መንገድ ላይ ሲሄዱ ድንገት ገርጥቶ ግድግዳ ተደገፈ። መተንፈስ አቃተኝ አለው። ሙሶርግስኪ ትንሽ አረፍ በልና እንቀጥላለን ብሎ አለፈው። ሃርትማን ከሞተ በኋላ ለወዳጃቸው ለሐያሲው ስታሶቭ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህንኑ እያነሳ ይንገበገባል። ያነበብኩ ዕለት ልደውልልሽ ስልኬን አነሳሁና... መልሼ አስቀመጥኩት። ለመሆኑ ትንፋሽሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከሥዕሎቹ አንዱ በበሬ የሚጎተት የፖላንድ ጋሪ ነው፤ መንኮራኩሩ ትልልቅ። ሥዕሉ ግን የለም፣ ጠፍቷል። አብዛኞቹም ጠፍተዋል። የቀረው ሙዚቃው ነው፣ እሱም ላይ ቢሆን ስምምነት የለም። ሙሶርግስኪ የጻፈው ፒያኖው ከመጀመሪያዋ ምት ጀምሮ ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲመታ ነው። ጋሪው አጠገብሽ ነው፣ እግርሽ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1886፣ ወዳጁ የሙዚቃ ደራሲ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ አርሞ ሲያሳትመው ግን በቀስታ እንዲጀምር አደረገው። ጋሪው ከሩቅ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይሄዳል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ራቬልም በ1922 ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጀው ያንን እትም ተከትሎ ዜማውን ለቱባ፣ ለዚያ ድምፀ ወፍራም ትልቅ የናስ መሣሪያ፣ ሰጠው። ቱባው ደስ ይላል፣ አልዋሽሽም። በሬው ራሱ የሚያቃስት ነው የሚመስለው።

እኔ ግን የቅርቡ ይሻለኛል። ሩቁ ጋሪ ለዓይን ያምራል፤ የቅርቡ ይከብዳል። የግራ እጁ ወፋፍራም ድምፆች ሲወርዱ ጭነቱ ይሰማኛል፣ መንገዱም ጭቃ ነው እላለሁ፤ ጭቃ ነው ያለኝ ሰው ግን የለም። አንቺ ብትሆኚ ጋሪውን የት ታቆሚዋለሽ? ይህን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሬ ጠርዝ ላይ የሞነጫጨርሻቸው በሬዎች እኮ ከዚያ ወዲህ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣሉ፤ ሒሳቡን ሁለታችንም አናነሳውም።

ብሩሽ አስቀምጣለች ሲሉ ሰማሁ። ማን ነገረሽ እንዳትይኝ። እውነት ከሆነ... እኔ እንጃ፣ ምን እንደምል አላውቅም። ምክር ልሰጥሽም አይደለም፣ ምክር እንዴት እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። ብቻ አንድ ጥንድ በሬ ከነጋሪው። በእርሳስም ይሁን።

መጀመሪያ ግን ፒያኒስቱ ሪክተር በ1958 ሶፊያ ላይ የተጫወተውን ስሚ። አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ያስላል፣ እሱም አልፎ አልፎ ኖታ ይስታል፣ ጋሪው ሲመጣ ግን ወንበርሽን ወደ ኋላ ትስቢያለሽ። ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ በስልክ ድምፅ ግራ እጁ ጭራሽ አይሰማም። ከዚያ በሬዎቹን ስለሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ቁጥሬ ያው ነው።