የሳሎኔ ሲኒማ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ፒያሳ ድረስ ፊልም ለማየት ታክሲ ስንቴ መቀያየር ይቻላል? ሲኒማ ቤቴ ሳሎኔ ነው፤ መብራት ካልጠፋ።

ሰሞኑን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሜ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው። ካሜራው አይቸኩልም። ልጄ «ኧረ ተንቀራፈፈ!» ብሎ ተነሳ። እኔ ግን ያንን ዝግታ ነው የምወድለት። የራሱን የኃይሌን «ጤዛ» ከዚህም አስበልጣለሁ፤ ባለቤቴ አትስማማም። «ላምብ» የተባለው የአገራችን ፊልም እስከ ካን የፊልም ፌስቲቫል ድረስ ሄዷል፤ ለእኔ ከታሪኩ ተራራው ይበልጥብኛል።

የአሁኖቹ የፍቅር ኮሜዲዎችስ? ያስቃሉ። ግን ሰዉ ሁሉ ቪላ ውስጥ ነው የሚኖረው። ውሃ በጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ አፍቃሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

አክባሪዎ፣
የፊልም ሱሰኛው፣ ከቱሉ ዲምቱ