ካርዱ ይጠይቅሽ እንጂ አይዘዝሽ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ እናትዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱን ሲያስቸግረው ከረመ።

የአጎትሽ ሚስት ደውላልኝ ነበር። የነርስ ቦርድ ፈተናሽን ቀን ሰርዘሻል አለችኝ። የታመምሽ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ ጠዋት የሳብሽው ኦራክል የሚሉት ባለ ሥዕልና ባለ ምክር ካርድ «ቆዪ፣ ጊዜው ገና ነው» ብሎሽ ነው! ደሴ ትተሽው የሄድሽው ሲኒ ማየት አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ተከተለሽ?

አትቆጪ። ጥንቆላ አይደለም ብለሽ ባለፈው አስረድተሽኛል፣ ገብቶኛልም። ጠዋት አንድ ካርድ ትስቢያለሽ፣ ሥዕሉን ታያለሽ፣ ስለ ውሎሽ ታስቢያለሽ። ይሄ ምንም ክፋት የለውም። አባትሽ ከሰማ ግን በቀጥታ ለንስሐ አባታችን ነው የሚነግረው፤ ስልኩን እሱ ካነሳው ወሬውን እንዳታነሺ። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ካርዱ ይጠይቅሽ እንጂ አይዘዝሽ።

ወንድምሽን ስለዚህ ነገር እስቲ አፈላልግልኝ አልኩት። ታሮት የሚሉት የካርድሽ ዘመድ 78 ካርድ አለው አሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር መጫወቻ ካርታ ነበር። ዕጣ ፈንታ መናገሪያ ያደረጉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ናቸው። ያንቺው ኦራክል ደግሞ የተወሰነ ቁጥርም የለው። ያዘጋጀው ሰው እንደፈለገ ይደረድረዋል፣ ቃሉንም ራሱ ይመርጣል። የኛ ደብተራ እንኳ የስምሽንና የእናትሽን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ በቀሪው ነው ኮከብሽን የሚነግርሽ። ቢያንስ ስምሽን ይጠይቃል!

«ታዲያ ለምን ልክ ይመጣል?» ትይኝ ይሆናል። በፈረንጆቹ 1948 ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን ፈተና ቢጤ ሰጣቸው። ከዚያ ለየአንዳንዳቸው የባሕርያቸውን ትንታኔ አደለ። ምን ያህል ይገልጻችኋል፣ ከ5 ስጡት አላቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ ለሁሉም ያደለው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹንም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው የለቃቀማቸው። «አንዳንዴ ውሳኔሽን ትጠራጠሪያለሽ» ቢሉሽ ማን የማይጠራጠር አለ?

ትልቋ አክስትሽ ለምን እንዳልተማረች ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ። ሁሌ ወሬ እቀይርብሽ ነበር። 12ኛ ክፍል ጨርሳ መምህራን ማሰልጠኛ መግባቷ በደብዳቤ ደረሳት። ሻንጣዋ ታሰረ። በመንገዷ ዋዜማ አያትሽ ሲኒ የሚያዩትን ጎረቤታችንን ቡና ጠራቻቸው። በረካው ተጠጣ፣ ሲኒው ተገለበጠ። እትዬ አተላውን አዩ፣ ቀና ብለው አያትሽን አዩ፣ እንደገና አተላውን አዩ። «መንገዷ ላይ ጥቁር ነገር ቆሟል» አሉ። በቃ። ያን ማታ ሻንጣው ተፈታ። አውቶቡሱ በማግስቱ በሰላም ገባ። ጓደኞቿ ተመረቁ፣ አስተማሩ፣ አክስትሽ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትመዝን ኖረች።

እትዬ ካረጁ በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ ነገሩን አነሳሁባቸው። ሳቁ። «እናትሽ ልጇ እንድትለያት አልፈለገችም። ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር። ያነበብኩት እሱን ነው» አሉኝ። ሲኒው ውስጥ ምንም አልነበረም! ለአክስትሽ ልንገራት ልንገራት እያልኩ ኖርኩ። እናቴ በሕይወት ስላለች ላጣላቸው ፈራሁ። ከዚያ አክስትሽ ቀድማ አረፈች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያንቺ ካርድ ደግሞ ፊት እንኳ አያይም። ፊትሽን የምታነቢው አንቺው ነሽ። በዚያ ጠዋት ሦስቴ ነው የሳበችው ብላኛለች የአጎትሽ ሚስት። የፊተኞቹ ሁለቱ ምን አሉሽ? ልገምት? «ሂጂ» ነው ያሉሽ። ሦስተኛውን የወደድሽው ስለፈራሽ ነው። ሌሊት ተረኛ እየሠራሽ ቀን ስታጠኚ የከረምሽ ልጅ ብትፈሪ አይገርምም፣ የኔ ቆንጆ። ግን «ፈርቻለሁ» በዪ እንጂ «ካርዱ ከለከለኝ» አትበዪ። ለፈራ ሰው መላ አለው፤ ደውይልኝና እናውራ።

ጣዪው አላልኩሽም። ከሳብሽ ማታ ሳቢ፣ ውሎሽ ካለቀ በኋላ። አብራ የመጣችውን መመሪያ ሳትከፍቺ ሥዕሉ ምን እንዳስታወሰሽ በአማርኛ ጻፊ። አንዴ ብቻ! ደስ ካላለሽ ድጋሚ መሳብ የለም። ፈተና፣ ሐኪምና ገንዘብ ያለበት ነገር ላይ ደግሞ ጨርሶ እንዳታወጪው። ይጠይቅሽ፤ አይዘዝሽ።

አሁን ተነሺና ቀን ያዢ። ዛሬውኑ። 200 ዶላር የከፈልሽበት ነው፤ ለፈተናው ከ24 ሰዓት ያነሰ ሲቀር እቀይራለሁ ብትዪ ብሩ ይበላል። የመፈተኛ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያበቃ እዪ። ፓስፖርትሽንም እዪ። ባዶ ሆድሽን እንዳትሄጂ፤ በሶ ልኬልሻለሁ። በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ያለፈው ጊዜ ነቅዞብሻል።

የአጎትሽን ሚስት እንዳትቀየሚያት፤ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። ቀኑን ስትይዢ ቶሎ ጻፊልኝ። ለግሸን ማርያም ጥላ ተስያለሁ። እሱ ሌላ ነው፤ እንዳትከራከሪኝ።

እናትሽ