ነጋዴ መስሎ የመጣው ባሕታዊ

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ አሁን “እንዴት ነህ” ስል ራሴን አሳፈረኝ። የተጣላነው ቡና ላይ ነበር፣ አይደል? እማማ ቶናውን እየቀዱ፣ አንተ “መነኮሳቱ ብዙውን ነገር ከሌላ ነው የቀዱት፤ ቡናውን ራሱ ካህናቱ የእስላም መጠጥ ነው ብለው ሲከለክሉ ኖረው በምኒልክ ጊዜ ነው የለመድነው” ብለህ ሳቅህ፤ እኔ “ሃይማኖታችን ከማንም አልተዋሰም” ብዬ ስኒውን አስቀምጬ ውልቅ። መጀመሪያ ተናድጄ ነው ያልደወልኩት። ቆይቶ ግን አፍሬ ነው።

ምን ሆነ መሰለህ፣ ክረምቱን የግራኝን ዘመን ታሪክ ሳነብ እጨጌ ዕንባቆም ላይ ደረስኩ። የየመን ሰው ነው፤ እዚህ መጥቶ ተጠመቀ፣ መነኮሰ፣ እስከ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነት ደረሰ። በ1553 እ.ኤ.አ. ለአፄ ገላውዴዎስ “በረላም ወይዋስፍ” የሚባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አሥር ዓመቱ ነው፣ የተቃጠሉት ገዳማት ገና አላገገሙም፣ እሱ ቁጭ ብሎ ይተረጉማል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ክርስቲያን ሲያሳድድ የኖረ የሕንድ ንጉሥ ይዋስፍ የሚባል ወንድ ልጅ ይወለድለታል። ኮከብ ቆጣሪ “ይሄ ልጅ ክርስቲያን ይሆናል” ይለዋል። አባት ደንግጦ ልጁን ሕመም፣ እርጅና፣ ሞት የሚባል ነገር እንዳያይ ቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። አንድ ቀን ልጁ ወጣ ሲል በሽተኛና ዕውር ያያል፣ ሌላ ቀን የጎበጠ ሽማግሌ። አለቀ፣ ሰላም አጣ። ያኔ በረላም የሚባል ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ ከበረሃ ይመጣል። “የከበረ ዕንቁ ይዣለሁ” ብሎ ዘበኞቹን ያልፋል። ዕንቁው ወንጌል ነው።

ይሄ እኮ ቡድሃ ነው! ቤተ መንግሥቱ፣ ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ ትቶ መመነኑ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ስሙም ጭምር። “ቦዲሳትቫ” የሚለው የቡድሃ ማዕረግ ምዕራብ እያለ ሲሄድ “ቡዳሳፍ” ሆነ (ቡዳ ብለህ እንዳትስቅ)። በዐረብኛ ጽሕፈት “በ” ከሥሯ አንድ ነጥብ አላት፤ አንድ ከጨመርክባት “የ” ትሆናለች። በአንዲት ነጥብ “ዩዳሳፍ” ሆነ፣ እኛ ጋ “ይዋስፍ”። ታሪኩን ጆርጂያውያን ክርስቲያን አደረጉት፣ ግሪኮች ከእነሱ ወሰዱ፣ ከዚያ ላቲንም ዐረብም። የሮማ ካቶሊኮችማ ከቅዱሳን ቆጥረው ኖቬምበር 27ን ሰጥተውት ነበር።

ስለዚህ ትክክል ነበርክ። ሙሉውን ግን አልለቅልህም። ቡድሃ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነው የበራለት። ይዋስፍ ብቻውን አልሆነለትም፤ መምህር ደጁ ድረስ መጣለት፣ አስተማረው፣ አጠመቀው። እዚህች ላይ ነው መነኮሳቱ ታሪኩን የራሳቸው ያደረጉት፤ አንተ ደግሞ ያን ቀን “ቀዱት” ብለህ ብቻ አለፍከው።

አንዳንዱን ግን ምንም ሳይነኩት ነው የተቀበሉት። በመጽሐፉ ባለች አንዲት ምሳሌ አንድ ሰው ከአውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ይገባና ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሥሩን ነጭና ጥቁር አይጦች፣ ቀንና ሌሊት ናቸው፣ ይቆረጥማሉ፤ እሱ ከቅርንጫፉ ጠብ የምትለውን ማር ይልሳል። ሕንዶች ያወሯት ናት፤ የኛ ባሕታዊ ቢሰማት ግን ከገዳሙ የወጣች ይመስለዋል። እኔ ሳነባት አንተ ትዝ አልከኝ። ሦስቱን ዓመት እኮ አይጦቹ በሉት።

የቡናውንም ነገር አጣራሁ። ምኒልክ ሲጠጡ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ አለዝበዋል። ይኸው፣ አመንኩ።

እማማ ደህና ናቸው? በረካውን ሳልጠጣ ነው የወጣሁት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብመጣ ቤት ትኖራላችሁ?