በጳጉሜ የሚቀባ ብረት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንግሊዝ አገር ካናል (ለጀልባ ተብሎ የተቆፈረ የውሃ መንገድ) ላይ በቀጭን የብረት ጀልባ ስለሚኖሩት ሰዎች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን ወሬው ሁሉ ጎኑ ላይ ስለሚሳለው ጽጌረዳ ሆነ እኮ፣ እኔ ደሞ ተክለሃይማኖት አካባቢ ገራዥ ውስጥ ቦዲና ቀለም ስለምሰራ ዋናው ነገር ተዘለለ ብዬ ነው የምጽፈው።

የእህቴ ልጅ እዛ አንዱን ገዝቶ ይኖርበታል። ስፋቱ 2 ሜትር ከትንሽ ነው፣ ጀልባውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚያሳልፉት የድሮዎቹ የውሃ በሮች ጠባብ ስለሆኑ ከዛ በላይ አያሳልፉትም። ብረቱ ግን ወፍራም ነው፣ ብዙ ጊዜ ወለሉ 10 ሚሊ፣ ጎኑ 6 ሚሊ፣ ከላይ ያለው መኖሪያ ክፍሉ 4 ሚሊ። የመኪና ላሜራ 1 ሚሊ እንኳን አይሞላም፣ አስቡት። ያም ሆኖ ውሃ ይበላዋል፣ በተለይ ውሃውና አየሩ የሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ልጁ የላከልኝን ፎቶ አጉልቼ ሳየው እዛች መስመር ላይ ብቻ ጥፍር የሚያስገባ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል፣ ከሱ በላይ ያለው ቀለም ግን ቁጭ ብሏል፣ ያብረቀርቃል።

ታዲያ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውሃ ያወጡትና በግፊት ውሃ ያጥቡታል፣ የላላውን ዝገት ይፍቃሉ፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዛ ነው ሬንጅ ያለበት ጥቁር ቀለም ደጋግመው የሚቀቡት። ኢፖክሲ የሚባለው ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ቀለም ረጅም ጊዜ ይቆያል ግን አሮጌው ሬንጅ በሙሉ ተነስቶ ብረቱ በሳንድብላስት (አሸዋ መሰል ነገር በአየር ግፊት እየተረጨበት) ካልጸዳ አይይዝም። ማግኒዚየምም ይበይዱበታል፣ ከብረቱ በፊት እሱ እንዲበላ። ውሃ ውስጥ ያለውን የወለሉንና የጎኑን ውፍረት ደሞ በአልትራሳውንድ ያስለካሉ፣ ወደ 4 ሚሊ አካባቢ ከወረደ ኢንሹራንስ ማግኘት ያስቸግራል። «ጋሼ፣ ቀለም መቀባቱ ቀላል ነው፣ ማጽዳቱ ነው ወገቤን የቆረጠው» አለኝ፣ ይሄን ለኔ ነው የሚነግረኝ!

ወደኛ ስመጣ፣ ጳጉሜ በገባ ቁጥር ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የግቢ በሩም የበረንዳ ብረቱም ለእንቁጣጣሽ ይቀባል። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ጠዋት ብረቱን በእጅህ ስትነካው እርጥብ ነው፣ ያውም ዝገቱ ላይ በቀጥታ፣ አንቲረስት የለ ምን የለ። ህዳር ሚካኤል ሳይደርስ ቀለሙ ይነሳና ከስሩ ያው ቀዩ ብቅ ይላል። ቀቢዎቹን ብቻ አልወቅስም፣ ባለቤቱ ሂሳብ የሚያወራው በስንት ጋሎን ነው፣ «ዝገቱን ልፋቀው» ስትለው «ለሱ ደሞ ልክፈል?» ይልሃል። ሥራ በጨረታ የሚያወጡትም ቢሆኑ ማጽዳቱን ለብቻው ዋጋ ቢያወጡለት ማንም እየዘለለ አይሄድም ነበር።

በራችሁን ልታስቀቡ ያሰባችሁ ካላችሁ እስከ ጥቅምት ታገሱ፣ ፀሐዩ ብረቱን ያድርቀው። ቀቢው ሲመጣ ደሞ ቋሚው ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ ዝናብ የሚተኛው እዛ ነው፣ መጀመሪያ የሚበሰብሰውም እሱ ነው፣ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ካልተፈገፈገ የቀለሙን ቆርቆሮ አታስከፍቱት።

አንባቢያችሁ፣ ከተክለሃይማኖት